«ማን ይሻላል?» እና «ማንን እቀበላለሁ?»፦ ሁለት ጥያቄ በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት

የዕድር ሊቀ መንበር ሲመረጥ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሦስት ሰው ይጠቆማል። ሰብሳቢው የመጀመሪያውን ስም ይጠራና «የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» ይላል፤ ይቆጠራል። ሁለተኛው ሲጠራ ቅድም እጃቸውን ያወጡ ሰዎች አሁንም ያወጣሉ። ወዲያው ከኋላ አንድ ሰው ይነሣና «ይሄማ አይሆንም! አንድ ሰው እጁን የሚያወጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው» ይላል። ሌላው ይመልሳል፦ «ሁለቱም ደህና ሰዎች ናቸው፤ ለሁለቱም ባወጣ ማንን ጎዳሁ?» ክርክሩ ይጦፋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያሸንፈው ከኋላ የተነሣው ሰውዬ ነው።

ነገሩ የዕድር ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ1915 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ ክርክር ሰምቶ ከኋላ ለተነሣው ሰውዬ ፈርዷል። ፍርዱ እስካሁን አልተሻረም። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት እዚያ ፍርድ ቤት የደረሰው የምርጫ ዘዴ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሞተ፣ ደግሞም ለምን በየጊዜው ስሙን ቀይሮ እንደሚነሣ ነው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መራጭ ስለ ተወዳዳሪዎች ሁለት ዓይነት ነገር ያውቃል። አንደኛው ቅደም ተከተል ነው፦ ከበደ ከአልማዝ ይሻለኛል፣ አልማዝ ከተስፋዬ ትሻለኛለች። ሁለተኛው ወሰን ነው፦ እስከ አልማዝ ድረስ እቀበላለሁ፣ ተስፋዬ ቢመረጥ ግን አገሬ ተበላሸች እላለሁ። ሁለት ሰዎች ቅደም ተከተላቸው አንድ ሆኖ ወሰናቸው ሊለያይ ይችላል። አንዱ ከበደን ብቻ ይቀበላል፤ ሌላው ሦስቱንም ይቀበልና ከበደን ያስቀድማል። የመጀመሪያው ሰውዬ ከበደ ሲሸነፍ ጎዳና ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ሥራው ይሄዳል። ለአንድ አገር ሰላም ይህ ልዩነት ከቅደም ተከተሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ምልክት ብቻ የሚያስደርገው ወረቀት ከሁለቱ እውቀቶች አንዱንም በቅጡ አይጠይቅም። «ከሁሉ የሚበልጥብህ ማን ነው?» ብሎ ያልፋል። ደረጃ የሚያስሰጠው ወረቀት (አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያላችሁ የምትጽፉበት) ቅደም ተከተሉን ይወስዳል፤ ወሰኑን አይጠይቅም። የይሁንታ ወረቀት ደግሞ የምትቀበሉትን ሁሉ ምልክት ያስደርጋል፤ ከመካከላቸው ማን እንደሚበልጥባችሁ ግን አያውቅም። ሁለቱን አንድ ላይ የሚጠይቅ ወረቀት ማዘጋጀት አይቻልም ወይ? ይቻላል። ተሞክሯልም፤ ያውም ብዙ ጊዜ።

ቀዳሚው የማውቀው ሙከራ የፈረንሳዩ ኮንዶርሴ ነው። ሰውዬው የሒሳብ ሊቅ ነበር፤ በ1785 ባሳተመው መጽሐፍ የብዙኃኑ ፍላጎት ራሱን ሊቃረን እንደሚችል ያሳየ ሰው ነው። ብዙኃኑ ሀን ከለ፣ ለን ከሐ፣ ሐን ደግሞ ተመልሶ ከሀ ሊያስበልጥ ይችላል። በየካቲት 1793 ለአብዮታዊው ጉባኤ ባቀረበው የሕገ መንግሥት ረቂቅ ውስጥ ግን የተወሳሰበውን ሒሳቡን ትቶ ለሕዝብ የሚሆን ቀላል ዘዴ አስገባ። መራጩ ሁለት ዝርዝር ይጽፋል። በአንደኛው አጥብቆ የሚፈልጋቸውን፣ በሁለተኛው ደግሞ እነሱ ካልሆኑ የሚቀበላቸውን። መጀመሪያ አንደኛው ዝርዝር ይቆጠራል። ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ ተመረጠ ማለት ነው፤ ከሌለ ሁለተኛው ዝርዝር ይደመርበታል። ደረጃም አለው፣ ይሁንታም አለው።

ፈረንሳይ ረቂቁን አላጸደቀችም። ኮንዶርሴ ከያኮቢኖቹ ጋር ተጣልቶ ወራት ሙሉ ከተደበቀ በኋላ ተይዞ በመጋቢት 1794 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ዘዴውን የወሰደችው ጄኔቫ ናት። እዚያም ሲሞን ሉዊሊየ የሚባል የአገሩ የሒሳብ ሊቅ በዚያው በ1794 ጉድለቶቹን እየነቀሰ የሚተች ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በኋላ ሐሳቡ ከመቶ ዓመት በላይ ተኛ።

የነቃው ፓሪስ ወይም ለንደን አይደለም፤ ኮሎራዶ ነው።

ግራንድ ጃንክሽን በ1910 ቆጠራ 8 ሺህ የማይሞላ ሕዝብ የነበራት የምዕራብ ኮሎራዶ ከተማ ናት። ስሟን ያገኘችው ሁለት ወንዞች፣ የያኔው ግራንድ (የዛሬው ኮሎራዶ) እና ጋኒሰን፣ የሚገናኙባት ስለሆነች ነው። እዚያ ጄምስ በክሊን የሚባል ጠበቃ ነበር፤ የግዛቲቱ ሴናተርም ሆኖ ሠርቷል። የሄንሪ ጆርጅ ተከታይ፣ ማለትም ግብር በመሬት ዋጋ ላይ ብቻ ይጣል ባይ ነበር። የመሬት ግብርን ሊያጠና እስከ ኒውዚላንድና አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል፤ ተመልሶ ያቀረበው የሕግ ማሻሻያ ግን በ1902 በሕዝብ ድምፅ ወደቀ። የመሬቱ ነገር ቢከሽፍበትም ሌላ ነገር ተሳካለት። በ1909 ከተማዋ አዲስ የከተማ ቻርተር ስታወጣ የምርጫውን ክፍል በእሱ ሐሳብ ቀረጸችው።

ወረቀቱ ሦስት ዓምድ አለው። በአንደኛው አንድ ሰው፣ በሁለተኛው አንድ ሰው፣ በሦስተኛው ደግሞ ከቀሩት ውስጥ የምትቀበሉትን ያህል ሰው ምልክት ታደርጋላችሁ። ቆጠራው እንደ ኮንዶርሴ ነው። በአንደኛ ምርጫ ከግማሽ በላይ ያገኘ ካለ አለቀ። ከሌለ ሁለተኛ ምርጫዎች ይደመራሉ። አሁንም ከሌለ ሦስተኞቹ ይደመሩና ከፍተኛውን ያገኘ ያሸንፋል። የሦስተኛው ዓምድ ክፍትነት ነው ቁም ነገሩ፤ ወረቀቱን ከተራ ደረጃ ማውጫ ወደ ይሁንታ የሚያሻግረው እሱ ነው።

በኅዳር 1909 በዚህ ወረቀት የመጀመሪያው የከንቲባ ምርጫ ተካሄደ። ቁጥሮቹን ልዘርዝራቸው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው ጭቅጭቅ በሙሉ እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተቀምጧል።

ስድስት ተወዳዳሪዎች፣ 1,799 የአንደኛ ምርጫ ድምፆች። ስለዚህ ግማሹን ለማለፍ 900 ያስፈልጋል። ባኒስተር 603፣ ኦፐርል 465፣ ቶድ 362፣ ስሎኮም 229፣ ሎው 99፣ ሉትስ 41 አገኙ። በእኛ ዓይነቱ አቆጣጠር ቢሆን ባኒስተር ከንቲባ ነው፤ ከሦስት መራጮች ሁለቱ ያልመረጡት ከንቲባ።

ሁለተኛው ዓምድ ሲደመር ባኒስተር 93 ብቻ ጨምሮ 696 ደረሰ። ቶድ 293 ጨምሮ 655 ሆነ። ማንም 900 አልደረሰም። ሦስተኛው ሲደመር ባኒስተር ያገኘው 43 ነው፤ ድምሩ 739። ቶድ 396 ጨምሮ 1,051 ደረሰና ከንቲባ ሆነ። ስሎኮምም 912 አግኝቶ ግማሹን አልፏል። መጀመሪያ ይመራ የነበረው ባኒስተር ከኦፐርል (753) እንኳ ወርዶ አራተኛ ሆነ።

ምን ማለት ነው? ባኒስተር የሚወዱት የሚወዱት፣ ሌላው ግን ሊያየው የማይፈልገው ሰው ነበር። ቶድ ደግሞ የጥቂቶች አንደኛ፣ የብዙኃኑ «ይሁን» ነው። የሚገርመው ይህ «መካከለኛ» ሰው ሶሻሊስት መሆኑ ነው። ስለዚህ «ይሁንታ የሚያስመርጠው ጣዕም የሌለው ለስላሳ ሰው ነው» የሚለው የተለመደ ወቀሳ ገና በመጀመሪያው ምርጫ ላይ ፉርሽ ሆኗል።

ዘዴው እንደ ሰደድ እሳት ተስፋፋ። ስፖኬን፣ ዴንቨር፣ ክሊቭላንድ፣ ሳን ፍራንሲስኮ፣ ጀርሲ ሲቲ፣ ዱሉዝ... በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 60 የሚጠጉ ከተሞች ተቀበሉት። ያ ዘመን አሜሪካኖች የፓርቲ አለቆችን ከከተማ አስተዳደር ለማባረር የተነሡበት ነበር። በዓምድ የተከፈለው ወረቀት ርካሽ ነው፤ የቅድሚያ ምርጫ ወጪን ያስቀራል፤ ቆጠራውም ማንም የሚችለው ተራ መደመር ነው። ይህን የመጨረሻውን አትናቁት። በየጣቢያው ተደምሮ ውጤቱ በስልክ ሊነገር የሚችል ቆጠራና ወረቀቶቹ በሙሉ አንድ ቦታ ተሰብስበው ዙር በዙር መከፈል ያለባቸው ቆጠራ፣ ሊሰረቅ በሚችልበት አገር እኩል አይደሉም።

አሁን ወደ ዱሉዝ እንሂድ። በ1915 የጸደይ ወራት የዚች የሚኒሶታ ከተማ ነዋሪዎች በዚሁ ዘዴ የከተማ ፍርድ ቤት ዳኛ መረጡ። በአንደኛ ምርጫ ሌላ ሰው ይመራ ነበር፤ ሁለተኛው ዓምድ ሲደመር ስሞልውድ አሸነፈ። ብራውን የተባለ ተቃዋሚ ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የወሰነው በአጭሩ ይህ ነው፦ የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ሲጻፍ «ድምፅ» ማለት አንድ ሰው ለአንድ ተወዳዳሪ የሚሰጠው አንድ ድምፅ ነበር። እዚህ ግን አንድ መራጭ አንድ ሰው ብቻ መርጦ ሲሄድ ጎረቤቱ በዚያው ምርጫ ሁለትና ሦስት ድምፅ ያስቆጥራል፤ የዚያኛው ተጨማሪ ድምፅ የዚህኛውን አንድ ድምፅ ያከሽፈዋል። ስለዚህ ሕገ ወጥ ነው። ከዳኞቹ አንዱ በሐሳብ ተለየ፤ ፍርዱ ግን ጸና። በዚያው ዓመት የኒው ጀርሲ ፍርድ ቤት ተመሳሳይ ክስ ቀርቦለት ተቃራኒውን ወስኗል፤ ዘዴው ሕጋዊ ነው ብሎ።

በእኔ እይታ የሚኒሶታ ዳኞች የሰጡት ምክንያት ደካማ ነው። ወረቀቱ ለሁሉም እኩል ነው፤ ሦስቱም ዓምድ ለሁሉም ተከፍቷል። ሁለተኛውን ባዶ የተወ ሰው የተነፈገው ነገር የለም። ነገር ግን ዳኞቹ የቆሙበት መሬት ላይ አንድ እውነተኛ ጉድጓድ ነበር፤ ስሙን በትክክል አልጠሩትም እንጂ።

ጉድጓዱ ይህ ነው። ወደ ግራንድ ጃንክሽን ቁጥሮች ተመለሱ። ቶድ 1,051፣ ስሎኮም 912፤ ልዩነቱ 139 ነው። ስሎኮምን አንደኛ ካደረጉት 229 ሰዎች መካከል 140ዎቹ በሦስተኛው ዓምድ ቶድን «ይሁን» ብለው ነበር እንበል። እነሱ ዝም ቢሉ ኖሮ ቶድ 911፣ ስሎኮም 912 ሆነው የራሳቸው ሰው ከንቲባ ይሆን ነበር። በቅንነት «ቶድንም እቀበላለሁ» ማለታቸው የወደዱትን ሰው ገደለው። ብልጥ መራጭ ይህን አንድ ጊዜ ካየ በሚቀጥለው ምርጫ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ይተዋል። የተወዳዳሪዎች ቀስቃሾችም ይህንኑ ይመክሩታል፦ «አንደኛ ብቻ ምልክት አድርግና ውጣ።»

በተግባርም የታየው ይኸው ነው። በግራንድ ጃንክሽን የመጀመሪያ ምርጫ 1,231 ሁለተኛ ምርጫ ተሰጥቶ ነበር፤ ከመቶው 68 መሆኑ ነው። በአላባማ ግዛት ዘዴው ለፓርቲ ቅድሚያ ምርጫ ሲሠራበት ግን ከ1916 እስከ 1930 በተደረጉ 16 ውድድሮች ሁለተኛ ምርጫ የሰጡት በአማካይ ከመቶው 13 ብቻ ነበሩ። ቦታውም መራጩም የተለያየ ስለሆነ ሁለቱን ቁጥር አንድ ለአንድ ማስተያየት አይገባም፤ አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ሁለተኛውን ዓምድ ማንም ካልሞላው ዘዴው አንድ ምልክት ወደሚያስደርገው ወረቀት ተመልሶ ይወርዳል። አላባማ በ1931 ተወችው፤ ከተሞቹም አንድ በአንድ ተዉት።

የቦርዳ ነገር እዚህ ትዝ ይለኛል። የኮንዶርሴ ዘመን ሰውና ተቀናቃኙ፣ ለየደረጃው ነጥብ የሚሰጠው ዘዴ ባለቤት፣ «መራጮች በተንኮል ቢሞሉትስ?» ሲባል ዘዴዬ ለቅን ሰዎች ብቻ የታሰበ ነው ብሎ መለሰ ይባላል። መልሱ የዋህ ይመስላል፤ ግን ከብዙዎቹ የምርጫ ማሻሻያ አራማጆች የበለጠ ሐቀኛ ነው። በ1970ዎቹ አለን ጊባርድና ማርክ ሳተርዝዌይት የተባሉ ሊቃውንት፣ ተወዳዳሪዎቹ ከሁለት ከበለጡ፣ ዕጣና አምባገነን ከሌሉበት፣ በተንኮል ሊሞላ የማይችል የደረጃ ወረቀት የለም ብለው በሒሳብ አረጋገጡ። ስለዚህ ጥያቄው «ተንኮል ያለበት የትኛው ነው?» ሳይሆን «የትኛውን ተንኮል እንችለዋለን?» ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግማሽ ምዕተ ዓመት በፍጥነት ልለፈው። በ1978 ስቲቨን ብራምስና ፒተር ፊሽበርን በአሜሪካ የፖለቲካ ሳይንስ መጽሔት ላይ ስለ ይሁንታ ምርጫ ጽፈው ሐሳቡን አነሡት፦ የምትቀበሉትን ሁሉ ምልክት አድርጉ፣ ብዙ ምልክት ያገኘ ያሸንፍ። ተቺዎቹ ወዲያው «ከምቀበላቸው ሁለት ሰዎች አንደኛውን በጣም እወደዋለሁ፤ ይህን የት ልጻፈው?» አሉ። ብራምስ ራሱ ከቱርካዊው ረምዚ ሳንቨር ጋር ሆኖ በ2009 በታተመ ጽሑፍ መልስ ሰጠ። መራጩ ተወዳዳሪዎቹን በቅደም ተከተል ይጻፍ፤ ከዚያም «እቀበላለሁ» እና «አልቀበልም» የሚለያዩበት ቦታ ላይ መስመር ይሳል።

ሁለት የአቆጣጠር መንገድ አቀረቡ። አንደኛው የበክሊን የልጅ ልጅ ነው፦ ደረጃ በደረጃ እየደመሩ መውረድ፣ ነገር ግን መራጩ ከሳለው መስመር በታች ያለውን አለመቁጠር። ሁለተኛው ይበልጥ ይማርከኛል። ከግማሽ በላይ መራጮች የተቀበሉት ሰው አንድ ብቻ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ ብዙ ይሁንታ ያገኘው ያሸንፋል። ከግማሽ በላይ ሕዝብ የተቀበላቸው ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ካሉ ግን የይሁንታው ብዛት ይቀራል፤ ደረጃው ይከፈትና እርስ በርስ ሲወዳደሩ ብዙኃኑ ያስበለጠው ማን እንደሆነ ይታያል። በግራንድ ጃንክሽን ግማሹን ያለፉት ቶድና ስሎኮም ነበሩ። በዚህ ሕግ ቢሆን ጥያቄው «1,051 ይበልጣል ወይስ 912?» አይሆንም፤ «ቶድና ስሎኮም ለብቻቸው ቢቆሙ ሕዝቡ ማንን ይመርጣል?» ነው። የተረፈው ሰንጠረዥ ድምር ብቻ ስለሆነ መልሱን ከዚያ ማውጣት አይቻልም። ግን ለቶድ «ይሁን» ያለው የስሎኮም ደጋፊ በዚህ ሕግ ያን ያህል አይቀጣም፤ ሁለቱም ግማሹን እስካለፉ ድረስ ወረቀቱ ላይ ስሎኮምን ማስቀደሙ ተመልሶ ይቆጠርለታል።

ይህ ዘዴ በስሙ ተጠርቶ የተደነገገበት ከተማ አላውቅም። ሐሳቡ ግን በሁለት ቦታ በሌላ ልብስ እየሠራ ነው። አንደኛው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ዴቢያን የተባለው የነጻ ሶፍትዌር ፕሮጀክት መሪውን ሲመርጥ አባላት ዕጩዎችን በደረጃ ያስቀምጣሉ፤ ከዕጩዎቹ መካከልም «ከእነዚህ ማንም» የሚል አማራጭ አለ። ከዚያ አማራጭ በታች ያስቀመጣችሁት ሰው አልቀበለውም ያላችሁት ነው፤ ያንን አማራጭ ያላሸነፈ ዕጩም ከውድድሩ ይወጣል። መስመሩ በስም ተጽፎ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ሴንት ሉዊስ ነው። በ2017 በዚች ከተማ የዴሞክራቶች የከንቲባ ቅድሚያ ምርጫ ሊዳ ክሩሰን 32 ከመቶ አግኝታ ቲሻውራ ጆንስን ከ900 ባነሰ ድምፅ አሸነፈች። የጥቁሩ ሕዝብ ድምፅ በበርካታ ዕጩዎች ተከፋፍሎ ነበር፤ ቁጭቱም ብዙ ቆየ። በኅዳር 2020 ነዋሪዎቹ በ68 ከመቶ ድምፅ አዲስ ሕግ አጸደቁ። በመጀመሪያው ዙር የምትቀበሉትን ሁሉ ምልክት ታደርጋላችሁ፤ ከፍተኛ ይሁንታ ያገኙት ሁለቱ በሁለተኛው ዙር ፊት ለፊት ይገናኛሉ። በመጋቢት 2021 ጆንስ 57፣ ካራ ስፔንሰር 46፣ ሉዊስ ሪድ 39፣ አራተኛው ተወዳዳሪ 14 ከመቶ አገኙ። ድምሩ ከ150 በላይ ነው፤ ማለትም ብዙ ሰው ከአንድ በላይ ምልክት አድርጓል። የአላባማው ባዶ ዓምድ አልተደገመም። በሚያዝያ ጆንስ 52 ለ48 አሸንፋ የከተማዋ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ከንቲባ ሆነች። በ2025 ደግሞ ስፔንሰር በ64 ከመቶ መልሳ አሸነፈቻት። መጀመሪያ ወሰኑን፣ ቀጥሎ ብልጫውን በሁለት ቀን መጠየቅ ማለት ይህ ነው። ወጪ አለው፤ ግን ማንም የሚገባው ዘዴ ነው።

ስለ ደረጃ ምርጫስ? እሱማ ዛሬ በአሜሪካ ከሁሉ ይልቅ የሚወራለት ነው። መጨረሻ የወጣውን እየጣሉ፣ የእሱን ደጋፊዎች ድምፅ ወደ ቀጣይ ምርጫቸው እያሸጋገሩ የሚቆጠረው ማለቴ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የበክሊንን ጉድጓድ መድፈኑ ነው፦ አንደኛችሁ እስካልወደቀ ድረስ ሁለተኛችሁ አይቆጠርም፤ ስለዚህ ልትጎዱት አትችሉም። የሚያስከፍለው ዋጋ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በ2009 በቨርሞንቷ በርሊንግተን ሦስት ጠንካራ ሰዎች ተወዳደሩ። መካከለኛው አንዲ ሞንትሮል ከሁለቱም ጋር ለብቻ ቢገናኝ እንደሚያሸንፍ ከወረቀቶቹ ተቆጥሯል፤ በአንደኛ ምርጫ ግን ሦስተኛ ስለነበር ቀድሞ ወደቀ። ሁለቱ ጎራዎች «ይሁን» ያሉት ሰው ወጥቶ ከሁለቱ ጎራዎች አንዱ አሸነፈ፤ ከተማዋም በዓመቱ ዘዴውን ሻረች። በነሐሴ 2022 አላስካ ውስጥ በኒክ ቤጊች ላይ የደረሰውም ያው ነው። ባኒስተር ሊያሸንፍበት የማይችል፣ ቶድም ሊያሸንፍበት የሚቸገር ዘዴ ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው? የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል። አንድ ምልክት፣ የበለጠ ያገኘ ያሸንፋል፤ ግማሽ መሙላት አያስፈልግም። በ2010 ገዢው ግንባርና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545ቱን፣ በ2015 ደግሞ ሁሉንም ወሰዱ። ይህን ያመጣው የአቆጣጠሩ ዘዴ ብቻ ነው የሚል ሰው ካለ አላምነውም፤ ወረቀቱ ከመቆጠሩ በፊት ብዙ ነገር ነበር። ግን የተቃዋሚዎቻችንን ስሞች አስተውሉ፦ ቅንጅት፣ ኅብረት፣ መድረክ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አንድ ላይ» የሚል ትርጉም አላቸው። አንድ ምልክት የሚያስደርግ ወረቀት ተመሳሳይ ሐሳብ ያላቸውን ሰዎች ከምርጫ በፊት በግድ ያጋባቸዋል፤ ከምርጫ በኋላ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ስለ ምርጫ ሥርዓት ስንከራከር የምናነሣው ተመጣጣኝ ውክልናን ብቻ ነው። እሱ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ግን አንድ ከንቲባ ወይም አንድ የወረዳ ተወካይ በሚመረጥበት ቦታ አይሠራም። እዚያ የሚቀረው ጥያቄ የበክሊን ጥያቄ ነው።

በውጭ ለምትኖሩት ደግሞ ነገሩ የቅርብ ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ሚኒያፖሊስ የደረጃ ምርጫን ስትጀምር ተቃዋሚዎች የ1915ቱን የዱሉዝ ፍርድ ይዘው ፍርድ ቤት ሄዱ። በ2009 ያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት መለሰላቸው፦ በዚህኛው ዘዴ የአንድ መራጭ ወረቀት በማንኛውም ዙር የሚቆጠረው ለአንድ ሰው ብቻ ስለሆነ የድሮው ፍርድ አይመለከተውም። ስለዚህ የደረጃ ምርጫው አለፈ፤ የዱሉዙም ፍርድ እንደቆመ ቀረ። በሌላ አነጋገር በሚኒሶታ ለሁለት ሰው በአንድ ጊዜ «እቀበላለሁ» የሚያስብል ወረቀት አሁንም ያ ፍርድ ይጠብቀዋል። ጎረቤቷ ሰሜን ዳኮታ ደግሞ በ2025 ደረጃንም ይሁንታንም በአንድ ሕግ ከለከለች፤ ይሁንታን በ2018 አጽድቃ ትሠራበት የነበረችው የፋርጎ ከተማ እንድትተወው ተገደደች።

የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪዎች በኅዳር 2024 የደረጃ ምርጫን ከ70 ከመቶ በላይ በሆነ ድምፅ አጽድቀዋል፤ መራጩ እስከ አምስት ሰው በደረጃ ማስቀመጥ ይችላል። ይህን ወረቀት የምትሞሉ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የይሁንታ መስመር የለውም። ሁለት ሰው ጽፋችሁ ሦስተኛውን ባዶ ብትተዉት ቆጣሪው «ሌሎቹን አልቀበልም» ብሎ አያነበውም፤ ሁለቱ ከወደቁ ወረቀታችሁ ከቆጠራው ይወጣል፣ የቀሩት ተወዳዳሪዎችም በቀሩት ወረቀቶች ይለያሉ። አምስቱንም ብትሞሉ ደግሞ፣ አምስተኛ ላይ ያስቀመጣችሁትን ሰው «ከእሱ በታች ያለው ይብሳል» ለማለት ብቻ የጻፋችሁት ቢሆንም፣ ከላይ ያሉት አራቱ ከወደቁ ድምፃችሁ ሙሉውን ይደርሰዋል።